ወንበራችሁን ሳታስተካክሉ መኪና አታስነሱ

እናንተ ቤት ያለው መኪና አንድ፣ ሹፌሩ ግን ሁለት ከሆነ ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንባችሁም። እኛ ቤት ያለችው አንዲት ቪትዝ ናት። ባለቤቴ ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ነው፤ እኔ 1 ሜትር ከ56። ማታ እሱ ነድቷት ሲገባ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ተገፍቶ፣ መደገፊያውም ጋደል ብሎ ያድራል። ጠዋት እኔ ስገባ እግሬ ፍሬኑን ፍለጋ ይንጠራራል። "ምናለ ወንበሩን እንደነበረ ብትመልስልኝ?" ስለው፣ "አንቺስ ጉልበቴ ከመሪው ጋር እስኪጋጭ አስጠግተሽ አይደል የምትተዪልኝ?" ይለኛል። ስቀን እናልፈዋለን።

እስከ አንዲት ሰኞ ጠዋት ድረስ እንዲሁ ስቀን ስናልፈው ኖርን።

ያን ቀን ረፍዶብኛል። የ5 ዓመት ልጄን ከኋላ አስሬ፣ ቦርሳዬን ወርውሬ፣ መኪናዋን አስነስቼ ወጣሁ። ወንበሩን ያስታወስኩት ከግቢ ከወጣሁ በኋላ ነው። በአንድ እጄ መሪውን ይዤ፣ በሌላው ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ስቤ ወደፊት ተጎተትኩ። "ቀጭ" ማለቱን ግን አላዳመጥኩም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስወርድ፣ ጥግ ይዞ ከቆመ ሚኒባስ ኋላ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ እየሮጠ መንገድ ገባ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። እግሬ ፍሬኑን ሲገፋ፣ ወንበሩ እኔን ይዞ ወደኋላ ሸሸ። ፍሬኑን የያዝኩት በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ሆነ። ከወንበሩ ወደታች ተንሸራትቼ እንደምንም እየረገጥኩ የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ። መኪናዋ ስትቆም በእሷና በልጁ መካከል የቀረው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ልጁ ዞር ብሎ አየኝና ሮጦ ሄደ። እኔ ጥጌን ይዤ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅኩ። ከኋላ የልጄ ድምፅ መጣ፤ "ማሚ፣ ወንበርሽ ሄደ እኮ!"

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። "ምቹ መቀመጫ"፣ "ሰፊ የእግር ቦታ" የሚሉ ቃላት ለማስታወቂያ እንዴት እንደሚጣፍጡ አሳምሬ አውቃለሁ። ከዚያች ሰኞ በፊት ምቾት ከመኪናው ጋር አብሮ የሚገዛ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ወንበሩ የሚመቸው ለእኛ ቁመትና ለእኛ እግር ሲስተካከል ነው። አለመስተካከሉም ከጉልበትና ከወገብ ሕመም አልፎ የሰው ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ የመኪናችሁን ቁልፍ አጠገባችሁ አድርጉት፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ወጥታችሁ እንድትሞክሩት ነው።

ጫማ ስትገዙ ቁጥር ትጠይቁ የለ?

ጎረቤታችን ጋሼ በወጣትነታቸው በአሰብ መስመር ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የደረሰብኝን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። "ልጄ፣ ጫማ ስትገዢ ቁጥርሽን ትናገሪያለሽ። ወንበር ላይ ግን ሌላ ሰው የተወውን ቁጥር አጥልቀሽ ትሄጃለሽ" አሉኝ። ከዚያ መኪናዋ በቆመችበት፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አንድ በአንድ አስተካከልን። ቅደም ተከተሉን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ተራው መጠበቅ አለበት፤ አንዱን ስትነኩ ቀጣዩ ይለወጣልና።

በመጀመሪያ የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ። በነጠላ ጫማ የተስተካከለ ወንበር በተረከዝ ጫማ አይሠራም። ታኮ የምታደርጉ ሴቶች ዝቅ ያለ ጫማ መኪና ውስጥ አስቀምጡ፤ ግን ከእግር ሥር አታድርጉት። ወንዶች ደግሞ የገንዘብ ቦርሳችሁን ከኋላ ኪሳችሁ አውጡ። ያ ቦርሳ አንዱን ዳሌ ከፍ አድርጎ ወገብን ያጣምማል፤ ወደ እግር የሚወርደውንም ነርቭ ይጫናል።

ሁለተኛ፣ መቀመጫችሁን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ገፍታችሁ ከመደገፊያው ጋር አጣብቁት። ብዙዎቻችን ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ነው "ወንበሩ ራቀኝ" የምንለው።

ሦስተኛው የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው፤ የእግር ርቀት። ሞተሩ ሳይነሳ ቀኝ እግራችሁን ፍሬኑ ላይ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ርገጡት። መኪናችሁ ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑንም በግራ እግራችሁ እስከ ወለሉ አውርዱት። በዚህ ጊዜ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት። ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ወንበሩ ርቋል፤ በአደገኛ ሰዓት የሚቀራችሁ ኃይል የለም፤ በግጭት ጊዜም የተዘረጋ እግር ምቱን በቀጥታ ወደ ዳሌ ያስተላልፋል። ጉልበታችሁ ወደ ላይ ተቀስሮ መሪውን ወይም ዳሽቦርዱን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ወንበሩ ከመጠን በላይ ቀርቧል። ትክክለኛው ቦታ ተረከዛችሁ ወለሉ ላይ አርፎ፣ እግራችሁ ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬኑ ያለ ትግል የሚሸጋገርበት ነው።

ይህን ስጨርስ ጋሼ የነገሩኝን አንድ ነገር አልረሳውም። ብረቱን ከለቀቃችሁ በኋላ በሰውነታችሁ ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ በሉ። ወንበሩ ከተንቀሳቀሰ አልተቆለፈም ማለት ነው። የእኔ ሰኞ ጠዋት ይህን ሁለት ሰከንድ ስላልሰጠሁት ነው የመጣው። መኪና እየሄደ ወንበር መጎተትማ ጨርሶ አይታሰብም።

አራተኛ፣ ከፍታ። የእናንተ ወንበር ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ መንገዱን በመሪው ላይ አሻግራችሁ እስክታዩ ከፍ አድርጉት፤ ሆኖም በራሳችሁና በጣሪያው መካከል የአንድ ቡጢ ያህል ቦታ ይቅር። ወንበሩ ከፍ ሲል እግር ከፔዳሉ ስለሚርቅ ርቀቱን እንደገና ፈትሹ። ከዚያም ጣታችሁን ከጉልበታችሁ ሥር አስገቡ። በወንበሩ ጠርዝና በጉልበታችሁ መታጠፊያ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። ጠርዙ እዚያ ቦታ ላይ ከተጫነ የደም ዝውውር ይከለክላል፤ እግራችሁ የሚደነዝዘውም ለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ መደገፊያው። ተጋድሞ መንዳት ለፎቶ ያምራል፤ ለአንገትና ለትከሻ ግን ዕዳ ነው። ትከሻችሁ ከመደገፊያው ሳይላቀቅ እጃችሁን ዘርግታችሁ አንጓችሁን የመሪው አናት ላይ ማሳረፍ ከቻላችሁ ደህና ነው። የራስ መደገፊያውንም አናቱ ከራሳችሁ አናት ጋር እኩል እስኪሆን አንሱት። ከኋላ ስትመቱ አንገታችሁን የሚያተርፈው እሱ ነው፤ ማጅራት ላይ ዝቅ ብሎ ከተተወ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ስድስተኛ፣ ቀበቶውን እሰሩ፤ የኋላ ማሳያ መስታወቱንና ስፖኪዮውን በመጨረሻ አስተካክሉ። ብዙዎቻችን መስታወት አስተካክለን ወንበር ስለምናንቀሳቅስ ሁለት ጊዜ እንደክማለን።

አጠር የምንል ሰዎች ጣጣ

እንደ እኔ ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ አንድ ግጭት ይገጥማችኋል። እግራችሁ ፍሬኑ ጋ እንዲደርስ ስትጠጉ ደረታችሁ መሪው ላይ ይወጣል። መሪው ውስጥ ደግሞ ኤርባግ አለ። ኤርባግ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ የሚነፋ በመሆኑ ለሩቁ አዳኝ፣ በጣም ለቀረበው ግን ጎጂ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በደረት አጥንትና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት እንዲኖር ይመክራል። ሜትር ከሌላችሁ የልጃችሁ ማስመሪያ ይበቃል።

ታዲያ እግርንም ደረትንም እንዴት ማስታረቅ ይቻላል? ወንበሩ እግር በሚደርስበት ቦታ ይቁም፤ መደገፊያው ግን ትንሽ ወደኋላ ይበል። መሪው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዝቅ አድርጉት፤ ያኔ ወደ ፊታችሁ ሳይሆን ወደ ደረታችሁ ያያል። ዝቅ ብላችሁ መንገዱ ካልታያችሁ ጠንካራና የማይንሸራተት ትራስ ከሥር ማድረግ ይቻላል። ለስላሳ የሶፋ ትራስ ግን አይሆንም፤ በግጭት ጊዜ ስለሚሟሽሽ ከቀበቶው ሥር ያንሸራትታችኋል።

ነፍሰ ጡር እናቶችም ይህን ርቀት በየወሩ ፈትሹት። ሆድ ሲገፋ ወንበሩ ወደኋላ መሄድ አለበት። የታችኛው ቀበቶ ከሆድ በታች በዳሌ አጥንት ላይ፣ የላይኛው በጡቶች መካከል አልፎ በሆድ ጎን ይውረድ። ሆድ ላይ አይለፍ። እግራችሁ ፍሬኑን በደንብ መርገጥ ሲያቅተው መሪውን ለሌላ ሰው የምትለቁበት ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

የተረሳው የግራ እግር

የቀኝ እግር ሥራ አለው። የግራውስ? አውቶማቲክ መኪና የምትነዱ ሁሉ ለአፍታ ወደታች እዩ። ከፔዳሎቹ በስተግራ፣ ጥግ ላይ፣ ብዙ መኪኖች ዘንበል ያለ የእግር ማሳረፊያ አላቸው። እኔ ለሦስት ዓመት መኖሩን ሳላውቅ፣ ግራ እግሬን ከወንበሩ ሥር አጥፌ ነድቻለሁ። ማታ ማታ ለምን ዳሌዬን እንደሚያመኝም አይገባኝም ነበር። እግር እዚያ ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ዳሌዎች እኩል ይቀመጣሉ፤ መኪናው ሲታጠፍም ሰውነታችሁ ድጋፍ ያገኛል።

ይህን ለወንድሜ በስልክ ሳወራለት ሳቀ። እሱ ዳላስ ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜና እሑድ ትልቅ ሞተር ብስክሌት ይነዳል። እዚያ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሞተረኞች ከዋናው የእግር መርገጫ ሌላ፣ ከፊት ባለው የሞተሩ መከላከያ ብረት ላይ ተጨማሪ መርገጫ ያስገጥማሉ። ለሰዓታት የታጠፈ ጉልበት ወደፊት ተዘርግቶ የሚያርፍበት ነው። ወንድሜም አስገጠመ፤ ግን በፎቶ ያየውን ሰው አስመስሎ እጅግ ራቅ አድርጎ። ሁለት ሰዓት እንደነዳ ጭኑ ተንጠልጥሎ፣ ወገቡ ተቆርጦ ተመለሰ።

መፍትሔው የእኛው ነው። ሞተሩን ሌላ ሰው ቀጥ አድርጎ ይዞለት፣ ተቀምጦ እግሩን ዓይኑን ጨፍኖ ዘረጋ። እግሩ በራሱ የሄደበት ቦታ ላይ ምልክት አደረገ። መርገጫውን ወደ ራሱ ሁለት ጣት ያህል መልሶ፣ ተረከዙ እንዲያርፍበት ማዕዘኑን አዞረው። ጉልበቱ አሁን ትንሽ እጥፍ ይላል፤ ዳሌውም ከመቀመጫው አይነሳም። ከዚያ ብሎኑን አጥብቆ አሰረው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ጨመረልኝ። እግር እዚያ ላይ ሲሆን ከኋላ ፍሬኑና ከማርሹ ይርቃል። ስለዚህ ገላጣ አውራ ጎዳና ላይ እንጂ ከተማ ውስጥ፣ መስቀለኛ መንገድና እግረኛ ባለበት አይዘረጋም። "ምቾት ፍሬን ካስረሳ ምቾት አይደለም" አለኝ። ያችን የሽሮ ሜዳ ቁልቁለት አስታወሰኝ።

"ዕድሜ ነው ልጄ"

ባለፈው ክረምት ከአባቴ ጋር ወደ ሐዋሳ ሄድን። ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ረጅም መንገድ አይነዳም። "ለምን?" ስንለው መልሱ አንድ ነው፤ "ጉልበቴ አልችል አለ፤ ዕድሜ ነው ልጄ።" ያን ቀን ሞጆ ላይ ቆመን ሻይ ስንጠጣ፣ "አባዬ፣ እስቲ አንተ ያዛት" አልኩት። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አየሁት። የባለቤቴን ወንበር እንዳለ ወስዶ፣ ቀኝ እግሩን ቀጥ አድርጎ በአውራ ጣቱ ነዳጅ ሊሰጥ ነው።

ጋሼ ያስተማሩኝን አስተማርኩት። መቀመጫውን ወደኋላ አጣበቀ፤ ወንበሩን ሦስት ቀጭ ወደፊት ሳበ፤ ተረከዙን አሳረፈ፤ ነቅነቅ ብሎ መቆለፉን አረጋገጠ። ባቱ ድረስ ነዳ። ስንወርድ ጉልበቱን በእጁ ነካ ነካ አድርጎ፣ "ዛሬ ዝም ብሏል" አለ። ጉልበቱ ድኗል እያልኳችሁ አይደለም፤ ሐኪም ያየዋል። ግን ለስንት ዓመት በዕድሜ ስናሳብብ የኖርነው ሕመም ከፊሉ የወንበር ነበር። እናንተም ቤት "መንዳት ሰለቸኝ" የሚል አባት ወይም እናት ካለ፣ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ወንበሩን እዩላቸው።

የተስተካከለ ወንበርም ቢሆን ብዙ ሰዓት አያስቀምጥም። ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ ለ15 ደቂቃ ያህል ውረዱ፤ ተራመዱ፤ በጣታችሁ ጫፍ ከፍና ዝቅ በሉ። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርቡ የወለዱ፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ በወጌሻ አታሳሹት፤ ሐኪም ቤት ሂዱ። ከዚያም ጋር የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከመጣ አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቁ።

ከእግር ሥር ምን አለ?

ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት ጎንበስ ብለው ከወንበሬ ሥር የውኃ ፕላስቲክ፣ የልጄን ኳስና አንድ ጃንጥላ አወጡ። "ይህ ፍሬንሽ ሥር ቢገባስ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ በፈጣን መንገድ ላይ በ100 ሲሄድ ወደ 28 ሜትር። ጠርሙስ በእግር ለመግፋት የሚባክን አንድ ሰከንድ ዋጋው ይህ ነው። ምንጣፉም ፔዳሉን የሚነካ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ወይም የሚንሸራተት አይሁን።

ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የተሻገራችሁም አላችሁ። ባትሪው ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ሥር ስለሚሆን ወለሉ ከፍ ይላል፤ ጉልበታችሁም ከለመዳችሁት ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ በቀድሞው መኪና ልክ አትቀመጡ። አንዳንዶቹ የሁለት ወይም የሦስት ሹፌር ወንበር በማስታወሻ የሚይዝ ቁልፍ አላቸው። ሻጩን ጠይቁና ለባልም ለሚስትም መዝግቡ።

የእኛ ቪትዝ ማስታወሻ የላትም። ስለዚህ በጥፍር ቀለም ሠራንላት። በወንበሩ ሐዲድ ጎን የእኔ ቦታ ቀይ ነጥብ፣ የባለቤቴ ነጭ ነጥብ አለው። የመኪና ስምምነታችንም አጭር ነው። ያወጣ ሰው ወንበሩን መመለስ የለበትም፤ የገባ ሰው ግን ሳያስተካክል ሞተር አያስነሳም። "ወንበሬን ማን ነካው?" የሚለው ጭቅጭቅ ከቤታችን ወጣ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ልጄ ከኋላ ሆና ትቆጣጠረኛለች። ቀበቶዋ ከታሰረ በኋላ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ወንበሬን እስባለሁ፤ ፍሬኑን እረግጣለሁ፤ ወደፊትና ወደኋላ እነቃነቃለሁ።

"ቀጭ አለ?" ትለኛለች።

"ቀጭ አለ።"

"እሺ፣ እንሂድ።"

እናንተም ነገ ጠዋት ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ይህችን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። መልካም መንገድ!